ሰርቨሩ ይጻፍ፣ እርስዎ ይተኙ

መሥሪያ ቤትዎ ሰርቨር ካለው፣ ከሠራተኞችዎ ሁሉ የማያርፈው እሱ መሆኑን ልብ ብለው ይሆናል። ማን እንደገባ፣ ማን ፓስዎርድ እንደተሳሳተ፣ የትኛው ፕሮግራም ሥራ እንዳቆመ፣ የትኛው ዲስክ መንገዳገድ እንደጀመረ፣ ሁሉንም በሰዓት በደቂቃ ይመዘግባል። ዊንዶውስ ኤንቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ብቅ ካለ ጀምሮ ልማዱ ይኸው ነው። መዝገቡ ኢቨንት ሎግ ይባላል፤ የሚታየው ደግሞ ኢቨንት ቪወር በተባለ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የሚከፍተው ሰው የለም እንጂ። ይህም ለዓመታት ማንንም ሳያስጨንቅ ይኖርና አንድ ቀን ኦዲተር መጥቶ «ሰርቨሩን ማን ነው የሚከታተለው?» ሲል ድንገት ችግር ይሆናል።

መልሱ ቀላል ነው። የኢሜይል ማንቂያ ይዘርጉ። ሰርቨሩ ላይ አንዳች ነገር በተለወጠ ቁጥር መልእክት ይላካል፤ እርስዎም ለጠየቀ ሁሉ «ማንቂያ አለን» ይላሉ። አዘረጋጉ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። አንዳንዶቹ እንዲያውም የሚሠራ ማንቂያ ዘርግተው፣ ራሳቸውን በራሳቸው እጅ ለመከራ ዳርገዋል። ይህ ምክር እርስዎ ከነሱ ዕጣ እንዲድኑ በቅን ልቡና የተጻፈ ነው።

ከሁሉ በፊት ምርጫ የሚባለውን ነገር ይተዉት። ኢቨንት ቪወር ውስጥ አንዱን ክስተት በቀኝ በኩል ባለው የማውስ ቁልፍ ሲጫኑት፣ ለዚያ ክስተት ሥራ መመደቢያ ትእዛዝ ይወጣል፤ ወደ ታስክ ስኬጁለር የሚያስገባዎ እሱ ነው። ቸኩለው የሚሠሩ ሰዎች አንድ የክስተት ቁጥር ብቻ መድበው ይወጣሉ። እርስዎ ግን ማጣሪያውን ይክፈቱና ክሪቲካል፣ ኤረር፣ ዋርኒንግ፣ ኢንፎርሜሽን የሚሉትን ሳጥኖች አንድም ሳያስቀሩ ምልክት ያድርጉባቸው። አፕሊኬሽን፣ ሴኪዩሪቲ፣ ሲስተም የሚባሉትን ሦስቱንም መዝገቦች ይጨምሩ። ማንን ከማን ያበላልጣሉ?

ሳይውል ሳያድር ኢንቦክስዎ ይሞላል። 7036 የተባለው ክስተት አንድ ሰርቪስ ተነሣ፣ ያው ሰርቪስ ቆመ፣ ደግሞ ተነሣ እያለ ይነግርዎታል። 10016 ስለ ፈቃድ ያማርራል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን ችላ ብትሉት ጉዳት የለውም ብሎ በይፋ ጽፎለታል፣ ስለዚህ በኢሜይል ቢደርስዎ ክብሩ ነው። 4624 ደግሞ አንድ ሰው በሰላም በገባ ቁጥር ይላካል። ሰው ያልኩት ለአክብሮት ያህል ነው። ከሚገቡት ብዙዎቹ ስማቸው በዶላር ምልክት የሚያልቅ የኮምፒውተር አካውንቶች ናቸው፤ ማሽን ለማሽን እንደምን አደርክ ሲል ለእርስዎ ግልባጭ ይደርስዎታል ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ጣትዎ ሳያነብ መሰረዝ ይለምዳል። እዚህ ደረጃ ሲደርሱ ግማሹ ሥራ ተጠናቀቀ።

የሚያስፈራው የጥቂቶቹ ነገር ነው። 4720 አዲስ አካውንት ተፈጠረ ይላል። 4732 እና 4728 አንድ አካውንት ወደ አንድ ቡድን ተጨመረ ይላሉ፤ ቡድኑ የአስተዳዳሪዎች ሊሆን ይችላል። 4740 አካውንት ተቆለፈ፣ 7045 አዲስ ሰርቪስ ተጫነ፣ ዲስክ ከሚባለው ምንጭ የሚመጣው 7 ደግሞ ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ ተገኘ ማለት ነው። እነዚህ በደህናው ጊዜ እምብዛም አይመጡም። እምብዛም የማይመጣ ነገር ሲመጣ ደግሞ ይነበባል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማንም የማያውቀው አካውንት እንደተፈጠረና ወዲያው አድሚኒስትሬተር እንደሆነ የሚናገር መልእክት ለብቻው ስልክዎ ላይ ቢመጣ፣ ጋቢዎን ገፈው መነሣትዎ አይቀርም። ለምን ብለው?

ከሁሉም የከፋው 1102 ነው። የሴኪዩሪቲው መዝገብ ተጠረገ ማለቱ ነው። ሰርቨር ውስጥ ሾልኮ የገባ ሰው ሲወጣ ዱካውን ለማጥፋት መዝገቡን ባዶ ያደርገዋል። ዊንዶውስ ግን ባዶ በሆነው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ማን እንዳጸዳው፣ በየትኛው አካውንት እንዳጸዳው ይጽፋል። ሌባው ይህችንም መስመር የሚያጠፋበት ዘዴ አያጣ ይሆናል፤ ቀድሞ ከግቢው የወጣን ኢሜይል ግን መልሶ አይሰርዘውም። እንግዲህ ይህ መልእክት ለብቻው ቢደርስዎ የሚያስከትለውን ጣጣ ያስቡት፦ ፖሊስ፣ ቃል መስጠት፣ ስብሰባ። 1102ን በሺህ 7036 መሐል መቅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መቀጣጫ ይሆንዎ ዘንድ የክሊፍ ስቶልን ታሪክ ልጥቀስ። ሰውየው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የኮምፒውተር ሥራ ላይ ተመድቦ ነበር። የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ 75 ሳንቲም ጎደለ። የአሜሪካ ሳንቲም ቢሆንም ሳንቲም ነው። ጤነኛ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ይዘጋዋል። እሱ ግን ሳንቲሟን ተከትሎ ሄዶ አንድ ያልታወቀ ተጠቃሚ አገኘ፤ በስልክ መስመር የሚገባውን ሁሉ በፕሪንተር ማተም ጀመረ፤ በመጨረሻም እንግዳው በገባ ቁጥር ወገቡ ላይ ያለው ፔጀር እንዲጮኽ አደረገ። አዩ እንግዲህ ማንቂያ ማለት! አንድ ክስተት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ጩኸት። ውጤቱስ? እንቅልፍ አጣ፤ ዱካው ምዕራብ ጀርመን ሃኖቨር ድረስ ወሰደው፤ እዚያም ያገኘውን መረጃ ለሶቪየቱ ኬጂቢ የሚሸጥ ማርኩስ ሄስ የተባለ ሰው ተገኘ። በ75 ሳንቲም የተነሣ ሁለት ኃያላን መንግሥታት ሥራ ፈቱ። እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይግቡ።

ወደ መላኪያው እንለፍ። ታስክ ስኬጁለር ክስተቱ ሲከሰት ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅዎ ከምርጫዎቹ አንዱ ኢሜይል ላክ የሚል ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ወዲህ ይህ ምርጫ ጡረታ የወጣ መሆኑ እዚያው አጠገቡ በቅንፍ ተጽፏል። የወጣ ይውጣ፤ እርስዎ እሱኑ ይምረጡ። አልመዘግብም ብሎ ካስቸገረዎ ወደ ፓወርሼል ይሂዱና ሰንድ ሜይልሜሴጅ የተባለውን ትእዛዝ ይጠቀሙ። ማይክሮሶፍት ይህም አስተማማኝ ግንኙነት ስለማያረጋግጥ ባትጠቀሙበት ይሻላል ብሏል፤ ለጡረተኛ ጡረተኛ ቢተካው ምን አለበት። ፓስዎርዱን ስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፉት፣ ፋይሉንም ሁሉም የሚያገኘው ፎልደር ላይ ያስቀምጡት። የሥራ አስኪያጁ የግል ኢሜይል ፓስዎርድ ቢሆን ደግሞ የሥልጣን ክብደት ይኖረዋል። አድራሻው የጂሜይል ከሆነ፣ ጂሜይል የዘወትሩን ፓስዎርድ ከእንዲህ ያለ ስክሪፕት መቀበል ካቆመ ቆይቷል፤ ለብቻው የሚወጣ የአፕ ፓስዎርድ ይጠይቃል። ይህን ሳያደርጉ ቢተዉት ማንቂያው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ጸጥ እንዳለ ይኖራል፣ እርስዎም ሰርቨሩ ጤነኛ ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ለምን በቴሌግራም አናደርገውም?» ይላል። ሁልጊዜም ወጣት ነው። ቦት መክፈት በነጻ ነው፣ ፓወርሼል በአንድ መስመር መልእክት ይልክለታል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቴሌግራም የሌለው ስልክ ማግኘት ደግሞ ይከብዳል ብሎ ይከራከርዎታል። ልጁ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ አደጋውም እሱ ነው። ቴሌግራም ይነበባል። ኢሜይልን የመረጥነው ሰው ሥራ ሲያመለክት ካልሆነ የማይከፍተው በመሆኑ ነው።

የመብራትን ነገር ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች አያውቁልንም። መብራት ሲሄድ፣ ዩፒኤሱ ሲደክም፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ማለቁ የሚታወቀው ደግሞ ሊነሣ ሲል በመሆኑ፣ ሰርቨሩ ድርግም ይላል። ይህን የሚናገረው ክስተት 6008 ነው፦ ከዚህ በፊት የነበረው መዘጋት ያልተጠበቀ ነበር። 6008 ደግሞ 41 የሚባል ጓደኛ አለው፣ እሱም ስለ ኃይል መቋረጥ ያወራል። ሁለቱም የሚጻፉት ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሣ ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ። መብራት ይሄዳል። ባንኮኒው ላይ ያሉት ልጆች ለተሰለፈው ደንበኛ «ሲስተም የለም» ይላሉ። ደንበኛው ያጉረመርማል፣ ይሄዳል። መብራት ይመጣል። ሰርቨሩ ይነሣል፣ ኢንተርኔቱም ከብዙ ልመና በኋላ ይመለሳል። ከዚያ ኢሜይል ይደርስዎታል፦ መብራት ሄዶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለዚህ ይመስላል።

ጥንቁቅ ነኝ የሚል ሰው ዩፒኤሱን በኬብል ከሰርቨሩ ጋር አገናኝቶ፣ ባትሪው ገና ሳያልቅ መልእክት እንዲላክና ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ያደርጋል። ኬብሉ ብዙ ጊዜ ከዩፒኤሱ ጋር በካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። እርስዎ ካርቶኑን ከነኬብሉ ግምጃ ቤት ያስገቡት፤ ንብረት ነው። የኢሜይል ሰርቨሩንም ለወጪ ቅነሳ ሲባል እዚያው ማሽን ላይ ይጫኑት። ሰርቨሩ ሲሞት መርዶ ነጋሪው አብሮ ይሞታል፣ ማንም አይደነግጥም።

ሰዓቱን ደግሞ እንዳይነኩት። ዊንዶውስ ሰርቨር ሲጫን ማንም ካልለወጠለት ራሱን የሚያስቀምጠው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ከእኛ 11 ሰዓት ወደ ኋላ፣ በበጋቸው 10 ሰዓት። የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከሌላው ዓለም በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ነገር በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ይመልከቱ። ማንቂያው የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ አካውንት ሰኞ 10፡05 ፒኤም ላይ ገብቷል ብሏል። አይቲው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይጠይቃል።

«እትዬ፣ ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ሲስተም ውስጥ ነበሩ እንዴ?»

«ማታ 4 ሰዓት? ልጄ፣ እኔ በ3 ሰዓት እራቴን በልቼ የምተኛ ሰው ነኝ።»

«ሎጉ 10፡05 ይላል፣ እትዬ።»

«10 ሰዓት ከሆነማ ከቀትር በኋላ ነው፤ እዚሁ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሥራ መሥራትም ወንጀል ሆነ?»

የጥበቃው ጋሼ መዝገብ ይመጣል። ሴትዮዋ ዛሬ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገብተዋል ይላል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጠዋት ገብተው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ሰኞ ማታ ነበር። ከአንድ ስብሰባ፣ ከአንድ ቃለ ጉባኤና ከአንድ ኩርፊያ በኋላ ይህ ሊታወቅም ላይታወቅም ይችላል። መዝገቡ ውስጡ ክስተቱን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ የሰርቨሩን የሰዓት ክልል ናይሮቢ የሚለው ላይ ቢያደርጉት ያለፈውም የሚመጣውም ተስተካክሎ ይታያል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት። የወሬ ምንጭ በአንድ ደቂቃ ማድረቅ ግን ምን ያደርጋል?

ተቀባዮቹን በተመለከተ ከደብዳቤ ባህላችን የተሻለ አስተማሪ የለም። ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ ለፋይናንስ፣ ለሰው ሀብት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለሚመለከተው ሁሉ። ባለፈው ዓመት ሥራ የለቀቀውን ልጅ አድራሻም ከዝርዝሩ አያውጡት፤ ነገ ቢመለስስ። ሁሉም ሲደርሰው፣ ሁሉም ሌላው አይቶታል ብሎ ይተዋል። ርዕሱ ላይ «ማንቂያ» ብለው ብቻ ይጻፉ፤ የሰርቨሩን ስም፣ የክስተቱን ቁጥርና መደረግ ያለበትን ነገር እዚያ ላይ ማስፈር አንባቢን ማስደንገጥ ነው። እያንዳንዱ ተቀባይም አውትሉክ ላይ ሕግ አውጥቶ እነዚህን ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር ይንዳቸው። ፎልደሩ አጠገብ ያለው ያልተነበበ ቁጥር አራት አሃዝ ሲያልፍ ማየት ደስ ይላል።

ይህ የድሃ አገር ብልሃት እንዳይመስልዎ። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ንግድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ፋየርአይ የተባለ ዘመናዊ የጥበቃ ሥርዓት ነበረው። በኅዳር ማብቂያ ሌቦች የተሰረቀ የካርድ ቁጥር የሚያሸሽ ፕሮግራማቸውን ሲያስገቡ ሥርዓቱ ጮኸ። ባንጋሎር የተቀመጠው የክትትል ቡድን አየው፤ ሚኒያፖሊስ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት አስተላለፈ። ዋናው መሥሪያ ቤት ከሚደርሱት ማንቂያዎች ጋር ደመረውና ሥራውን ቀጠለ። ነገሩን ለኩባንያው የነገረው በታኅሣሥ አጋማሽ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ነው። እስከዚያ የ40 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ ሄዷል። በሚቀጥለው ግንቦት የኩባንያው የበላይ ኃላፊ ከሥራቸው ለቀቁ። ገንዘብ አውጥቶ፣ ባለሙያ ቀጥሮ፣ ማንቂያ ዘርግቶ፣ ማንቂያውም በትክክል ሠርቶ እንዲህ መተኛት ከተቻለ፣ እኛማ ምን ያቅተናል?

የመዝገቡን መጠን ባለበት ይተዉት። የሴኪዩሪቲው መዝገብ ሲጫን የሚሰጠው ቦታ 20 ሜጋባይት ነው፤ ሲሞላ የድሮውን እየሰረዘ በላዩ ይጽፋል። የርቀት መግቢያውን፣ ማለትም 3389 የተባለውን በር፣ ለኢንተርኔት ክፍት ካደረጉት ደግሞ ከዓለም ዙሪያ አድሚኒስትሬተር ነኝ እያሉ የሚያንኳኩ ሮቦቶች በ4625 ያጥለቀልቁታል፤ ለምርመራ የሚፈለገው መስመር መርማሪው ሳይመጣ ተገፍቶ ይወጣል። ቂም የማይዝ ሰርቨር ይሉታል። ቦታውን ማስፋት፣ ወይም መዝገቡን ወደ ሌላ ማሽን እንዲተላለፍ ማድረግ የዊንዶውሱ የራሱ ችሎታ ነው፣ ተጨማሪ ግዢም አይጠይቅም። ግዢ የማይጠይቅ ነገር ደግሞ ኮሚቴ አይቋቋምለትም።

ስለ ጸጥታ አንድ ነገር ልጨምር። ማንቂያ ያልመጣበት ሳምንት ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ወይ ማንቂያው ሞቷል። ፓስዎርዱ ተቀይሮ፣ ኢሜይሉ አላስፈላጊ ተብሎ ተጥሎ፣ ስክሪፕቱ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጭንቀታም ሰዎች ሰርቨሩ በየቀኑ ጠዋት «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት እንዲልክ ያደርጋሉ፤ ያቺ መልእክት የቀረች ዕለት አንድ ነገር ተፈጥሯል ብለው ይሮጣሉ። እርስዎ መልካሙን ትርጉም ይያዙ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንቂያውን እንዳይፈትኑት። ዊንዶውስ ውስጥ ኢቨንትክሪየት የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። ከ1 እስከ 1000 ያለ የፈለጉትን ቁጥርና የፈለጉትን ጽሑፍ ሰጥተው መዝገቡ ላይ የሐሰት ስህተት ያስጽፉባታል፤ ሰርቨሩ ላይ ጉዳት አታደርስም። አልታዘዝም ብለው ሊሞክሯት ከሆነ ግን በሚገባ ይሞክሯት። ዛሬ ከቢሮ ከመውጣትዎ በፊት አንድ የሐሰት ኤረር ይጻፉ፣ ስልክዎን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፣ ማን እንደሚደውልልዎ ይጠብቁ። እስከ ነገ ጠዋት የደወለ ሰው ከሌለ፣ እኔን ማንበብ አላስፈለገዎትም ነበር፤ ምክሬን ሁሉ ከድሮውም ፈጽመውታል።